ለአፍታ የሚበራ ብርሃን፣ ለሁሉም የሚታወጅ ዜና

እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2008፣ በሀገራችን ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ፣ እኛ በጠዋት ፀሐይ በየሥራችን ተሰማርተን ሳለን፣ ሌሊት በነበረበት የምድር ክፍል ሰማይ ላይ አንድ እንግዳ ብርሃን ፈካ። ድምቀቱ ጣራ በነካበት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ከከተማ መብራት ርቆ ወደዚያ አቅጣጫ ያንጋጠጠ ሰው ቢኖር ኖሮ ያለ አንዳች መሣሪያ በዓይኑ ብቻ ሊያየው በቻለ ነበር። በሌላ ጊዜ የሰው ዓይን ያለ መሣሪያ ከሚያያቸው የሩቅ አካላት አንዱ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ሲሆን፣ ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። የዚያ ዕለቱ ብርሃን ግን እኛ ዘንድ እስኪደርስ 7.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ተጉዟል። የመሬት ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ ብርሃኑ ጉዞውን ሲጀምር የቆምንባት ምድር ገና አልተፈጠረችም ነበር ማለት ነው።

ክስተቱ በሥነ ፈለክ መዝገብ «ጂ.አር.ቢ. 080319ቢ» ተብሎ ይታወቃል። ስያሜው «የጋማ ጨረር ፍንዳታ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ከቆሙት ፊደላትና ከተከሰተበት ዓመት፣ ወርና ቀን የተገኘ ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ በዕለቱ ከተመዘገቡት ሁለተኛው መሆኑን ያመለክታል።

ስለ እነዚህ ፍንዳታዎች ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጎላው የኃይላቸው ታላቅነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ሌላ ነው። በዘርፉ የተሰማሩ ተመራማሪዎች ያገኙትን መረጃ ሳይውል ሳያድር ለሚሻው ሁሉ የማካፈል ልማድ አዳብረዋል፤ የፍንዳታዎቹ ምስጢር መፈታት የጀመረውም በዚህ ልማድ ነው። የጠፈር ቴሌስኮፑ ብልጭታውን ያያል፤ ምንነቱ የሚታወቀው ግን ዜናው ለሌሎች ሲደርስ ነው። ይህ አሠራር ታላላቅ መሣሪያ ለሌላቸው እንደ እኛ ላሉ አገሮች በር ከፍቷል። እኛ በበሩ ለመግባት ተዘጋጅተናል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በቅን ልቡና ሊጠየቅ ይገባዋል።

የዓመታት ዝምታ

ጋማ ጨረር ከምናየው ብርሃን ጋር አንድ ዓይነት ባሕርይ ያለው ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ ነው፤ የሚለየው በኃይሉ ከፍተኛነት ነው። ከጠፈር የሚመጣውን ጋማ ጨረር የምድር ከባቢ አየር ውጦ ያስቀረዋል። ይህ ለሕይወት ጋሻ፣ ለተመራማሪ ግን መጋረጃ ነው። ስለዚህም ፍንዳታዎቹን በራሳቸው ጨረር ለማየት መሣሪያውን ከአየሩ በላይ ማውጣት ግድ ይላል።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች እነዚህን ፍንዳታዎች ፍለጋ የወጡ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ የኑክሌር ሙከራ በከባቢ አየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ እንዳይካሄድ ከተስማሙ በኋላ፣ አሜሪካ የስምምነቱን መከበር የሚቆጣጠሩ «ቬላ» የተባሉ ሳተላይቶችን ታመጥቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1967 ሳተላይቶቹ የቦምብ ጠባይ የሌለው የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገቡ። በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የነበሩት ሬይ ክሌብሳዴልና ባልደረቦቻቸው የተከማቸውን መረጃ መርምረው፣ ምንጩ መሬትም ፀሐይም አለመሆኑን አረጋግጠው፣ 16 ፍንዳታዎችን በሳይንስ መጽሔት ያስታወቁት ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከመጀመሪያው ብልጭታ እስከ ዜናው ስድስት ዓመት ያህል አለፈ።

ዜናው ከተሰማ በኋላም ሩብ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የፍንዳታዎቹን ርቀት የሚያውቅ አልተገኘም። ብልጭታው በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ የጋማ መሣሪያዎችም አቅጣጫውን አጥርተው አይለዩም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2000 በኮምፕተን የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ የሠራው መሣሪያ በቀን አንድ ያህል፣ በድምሩ 2,704 ፍንዳታዎችን መዝግቧል። እነዚህም በሰማዩ ሁሉ እኩል ተሠራጭተው ተገኙ። ነገር ግን የእያንዳንዱ አቅጣጫ ሲገለጽ ስሕተቱ በርካታ ዲግሪዎች ይደርስ ነበር። ሙሉ ጨረቃ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ የቤቱን ቁጥር ሳይነግሩ የክፍለ ከተማውን ስም ብቻ ሰጥተው መልእክተኛ እንደ መላክ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በዋሽንግተን በተካሄደ ክርክር፣ ዶናልድ ላም ፍንዳታዎቹ ከራሳችን ጋላክሲ ዳርቻ የሚነሡ ናቸው ሲሉ፣ ቦህዳን ፓቺንስኪ ደግሞ ከሌሎች እጅግ ሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጡ ናቸው ብለው ተከራከሩ። ያኔ ሁለቱን የሚዳኝ ማስረጃ አልነበረም።

ዳኛው የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት ቤፖሳክስ አንድ ፍንዳታ መዘገበ። ይህ ሳተላይት ከጋማው በተጨማሪ ሰፊ የሰማይ ክፍል የሚያይ የኤክስሬይ ካሜራ ስለነበረው አቅጣጫውን ከቀድሞዎቹ አሻሽሎ ለየ። የጣሊያን ተመራማሪዎች ከስምንት ሰዓት በኋላ ሳተላይቱን ወደ ስፍራው አዙረው፣ እየደበዘዘ የሚሄድ የኤክስሬይ ፍካት አዩ። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲው ያን ቫን ፓራዴይስና ወጣት ባልደረቦቻቸው ደግሞ አቅጣጫው እንደ ደረሳቸው፣ ፍንዳታው በደረሰ በ21ኛው ሰዓት ገደማ፣ በካናሪ ደሴቶች ላይ በሚገኘው የዊሊያም ኸርሼል ቴሌስኮፕ ስፍራውን ፎቶግራፍ አነሡ። ከቀናት በኋላ ደግመው ሲያነሡት በመጀመሪያው ምስል ላይ የነበረ አንድ የብርሃን ነጥብ ደብዝዞ ተገኘ። የፍንዳታው ፍም ያ ነበር።

በዚያው ዓመት ሜይ 8 ቀን ቤፖሳክስ ሌላ ፍንዳታ ሲያይ፣ በሃዋይ የሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ የፍካቱን ኅብረ ብርሃን ተነተነ። ብርሃኑ በቢሊዮን ከሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ርቀት የመጣ ሆነ። በአንድ ጀንበር ዜና የመለዋወጥ ልማድ የሠላሳ ዓመቱን እንቆቅልሽ በወራት ውስጥ ፈታው። ፓቺንስኪ ትክክል ነበሩ።

በወንፊት ጥላ ማየት

ከዚህ ልምድ የተወለደው ስዊፍት የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ ብሪታንያና ጣሊያን ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2004 ወደ ጠፈር ተላከ። ስሙ «ፈጣን» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፉት መሪው ኒል ጌረልስ መታሰቢያ እንዲሆን ከ2018 ጀምሮ በእርሳቸው ስም ይጠራል።

ጋማ ጨረርን እንደ ተራ ብርሃን በመስተዋት ወይም በሌንስ ሰብስቦ ምስል መፍጠር አይቻልም። ስለዚህ ስዊፍት ሌላ ዘዴ ይጠቀማል። ከጋማ ተቀባዩ ፊት ለፊት ከ50,000 በላይ ትናንሽ የእርሳስ ቁርጥራጮች በተዘበራረቀ ሥርዓት የተደረደሩበት ሰሌዳ ተዘርግቷል። ጨረሩ በክፍተቶቹ ያልፋል፤ በእርሳሱ ላይ ሲደርስ ይገታል። በፋኖስና በግድግዳ መካከል ወንፊት ብንይዝ ጥላው በግድግዳው ላይ እንደሚያርፍ፣ ፋኖሱ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ጥላውም ፈቀቅ እንደሚል ሁሉ፣ የሰሌዳው ጥላ በተቀባዩ ላይ ያረፈበት ቦታ የጨረሩን አቅጣጫ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ይህን አስልቶ፣ ከምድር ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ መላውን ሳተላይት ወደ ፍንዳታው ያዞራል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የኤክስሬይና የአልትራቫዮሌት ቴሌስኮፖቹ ስፍራውን ማየት ይጀምራሉ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሊደነቅ የሚገባው ግን የሚከተለው ነው። ስዊፍት መዞር ሲጀምር የአቅጣጫው ቁጥር በማስተላለፊያ ሳተላይቶች በኩል በሰከንዶች ውስጥ ምድር ይደርሳል። በስኮት ባርተልሚ መሪነት በ1990ዎቹ የተቋቋመው ጂ.ሲ.ኤን. የተባለው መረብም ወዲያውኑ ለተመዘገበ ሁሉ ያሠራጨዋል። ተቀባዩ የታላቅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ይሁን፣ ተማሪ ይሁን፣ በጓሮው ቴሌስኮፕ የተከለ ወዳጀ ሳይንስ ይሁን፣ ማንም አይጠይቀውም። ክፍያም የለውም። የስዊፍት መረጃ ራሱም ለመሣሪያው ሠሪዎች ብቻ ተብሎ የሚቆለፍበት ጊዜ የለውም። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው መሣሪያ ያየው ሁሉ የሕዝብ ይሆናል።

የትናንሾቹ ድርሻ

ወደ ማርች 19 ቀን 2008 እንመለስ። የፍንዳታውን የሚታይ ብርሃን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት አንሥቶ የመዘገቡት የዓለም ግዙፍ ቴሌስኮፖች አልነበሩም። በቺሊ ተራሮች ላይ የነበሩ ሁለት ትናንሽ መሣሪያዎች ነበሩ። አንደኛው የፖላንድ ተመራማሪዎች ያቆሙት ሲሆን፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚገለገሉበት የ85 ሚሊሜትር ሌንስ የተገጠመላቸው ካሜራዎች ነበሩት። ሁለተኛው የጣሊያንና የሩሲያ ባለሙያዎች የሠሩት፣ የ12 ሳንቲሜትር ሌንስ ያለው ፈጣን ካሜራ ነበር። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት ስዊፍት ሌላ ፍንዳታ አይቶ ዜናውን አሠራጭቶ ስለነበር፣ ሁለቱም ወደዚያው አቅጣጫ ያዩ ነበር። ታላቁ ፍንዳታ ከመጀመሪያው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቆ፣ በሰፊ እይታቸው ውስጥ ሆኖ ደረሰ።

ዕድል ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ዕድሉ የገጠመው ዜናውን ተቀብሎ ዓይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ ለጠበቀ ነው። ከእነዚህ ትናንሽ ካሜራዎች መረጃ ባይገኝ ኖሮ፣ የሚታየው ብርሃንና ጋማ ጨረሩ በአንድ ጊዜ መጀመራቸውንና ማብቃታቸውን፣ ይሁንና ብርሃኑ ከጋማው መጠን ተነሥቶ ከሚገመተው በብዙ እጅ የደመቀ መሆኑን ማወቅ ባልተቻለ ነበር። የስዊፍትና የሌሎች ቴሌስኮፖች መረጃ በአንድነት ሲተነተን ደግሞ፣ ብርሃኑ እንዲህ የደመቀው ከሚሞተው ኮከብ የወጣው ፍሰት ውስጣዊ ክፍል፣ ስፋቱ 0.4 ዲግሪ ያህል ብቻ የሆነ ቀጭን ጨረር ሆኖ፣ በቀጥታ ወደ እኛ አቅጣጫ በመነጣጠሩ ሳይሆን አይቀርም የሚል ማብራሪያ ቀረበ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 በአሜሪካና በጣሊያን የሚገኙት የስበት ሞገድ መቀበያዎች የሁለት ኒውትሮን ኮከቦችን መጋጨት መዘገቡ፤ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታ አየ። ዜናው እንደ ተሠራጨ በመላው ዓለም ፍለጋ ተጀመረ። ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቅ ጋላክሲ ውስጥ፣ አዲሱን ብርሃን አስቀድሞ ፎቶግራፍ ያነሣው በቺሊ የሚገኘው ስዎፕ ቴሌስኮፕ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ የጀመረ፣ የመስተዋቱ ስፋት 1 ሜትር የሆነ፣ በዘመኑ መለኪያ አነስተኛና አሮጌ መሣሪያ ነው። ወደ 70 የሚጠጉ የምርምር ጣቢያዎች ተከታትለው ባደረጉት ምልከታ፣ ወርቅን የመሳሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች በዚህ ዓይነት ግጭት እንደሚፈጠሩ ጠንካራ ማስረጃ ተገኘ። በጣታችን ላይ ያለው የወርቅ ቀለበት ታሪክ በከፊል የተነበበው በዚህ አኳኋን ነው።

ተቃውሞዎችና መልሳቸው

በዚህ አስተያየት ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደታቸውም የሚናቅ አይደለም።

አንደኛው የጥድፊያ ጉዳይ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል የሀገራችን ሰው። ሳይጣራ የሚሠራጭ ዜና ስሕተት አይወልድምን? ይወልዳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2022 ስዊፍት አንድ ብርቱ የኤክስሬይ ምንጭ ሲያይ፣ አስቀድሞ የተሠራጨው ማስታወቂያ በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ የተገኘ አዲስ አካል ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ ፌርሚ ከአንድ ሰዓት ገደማ አስቀድሞ ከዚያው አቅጣጫ የመዘገበው ፍንዳታ ከዚህ ጋር ተገናዝቦ፣ ክስተቱ 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የተነሣ፣ እስከ ዛሬ ከታዩት ሁሉ የደመቀ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ሆኖ ተገኘ። ይህን የመሰለ በ10,000 ዓመት አንድ ጊዜ ያህል እንደሚደርስ ተገምቷል። የመጀመሪያው ግምት በአደባባይ ስለ ተነገረ እርማቱም በአደባባይ፣ በሰዓታት ውስጥ ተነገረ። ተደብቆ የቆየ ስሕተት ግን ሥር ሰድዶ እውነት ይመስላል። እዚህ ላይ የፈሰሰውን የሚለቅመው ሰው ብዙ በመሆኑ የተረቱ ፍርድ ይለዝባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ሁሉም ነገር ክፍት ሲሆን ብርቱ ኮምፒውተርና ብዙ ባለሙያ ያለው ቀድሞ ይወስደዋል፤ ደካማው ከሩጫው ሳይገባ ይሸነፋል ይባላል። ይህ እውነትነት አለው። የተከፈተ ጎተራ አቁማዳ ላልያዘ ሰው አይጠቅመውም። ነገር ግን መፍትሔው ጎተራውን መዝጋት ሊሆን አይችልም፤ ቢዘጋ አስቀድሞ የሚቀረው ያው ደካማው ነውና። መፍትሔው አቁማዳውን መስፋት ነው፤ ይኸውም ሰው ማሠልጠን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። ዳቦ ያላገኘ ሕዝብ ባለበት አገር ስለ ሩቅ ኮከብ ሞት መጨነቅ ምን ይፈይዳል? ለዚህ ሰማዩ ውብ ነው ብሎ መመለስ ጥያቄውን ማቃለል ነው። ነገር ግን የሚጠየቀው ወጪ ምን ያህል እንደ ሆነ እንመልከት። ሳተላይቱን ሌሎች አምጥቀውታል፤ ማስታወቂያው በነፃ ይደርሳል፤ መረጃው በነፃ ይገኛል። ከእኛ የሚፈለገው የሠለጠነ አእምሮና የማይቋረጥ ትጋት ነው። ደካማ ምልክትን ከሁከት ለይቶ ማውጣትን የተማረ ወጣት፣ ያንኑ ችሎታ ለወረርሽኝ ቁጥጥር፣ ለአየር ትንበያ ወይም ለመሬት መንቀጥቀጥ መረጃ ሊያውለው ይችላል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው የእንጦጦ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቆመ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል። የ2017ቱን ብርሃን ያገኘው የስዎፕ ስፋትም ይኸው መሆኑን ልብ ይሏል። ሀገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ታያለች። በእኛ ሲመሽ በሃዋይ ይነጋል፤ ስለዚህ በዚያ ያሉት ግዙፍ ቴሌስኮፖች በፀሐይ ብርሃን በታወሩበት ሰዓት የደረሰ ፍንዳታ በእኛ ሰማይ ላይ ሊታይ ይችላል። የክረምቱ ደመናና የአዲስ አበባ መብራት የሚያደርሱት ጉዳት አይካድም። ሆኖም በበጋው ጥርት ያለ ሌሊት፣ ዜና በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ የተነሣ አንድ ምስል ከወራት በኋላ በግዙፍ ቴሌስኮፕ ከሚነሣ ብዙ ምስል ሊበልጥ ይችላል። ፍካቱ ማንንም አይጠብቅምና።

መሣሪያ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የቺሊዎቹ ካሜራዎች ሌሊቱን ሙሉ ባይነቁ ኖሮ ሌንሶቻቸው ከመደብር መደርደሪያ ላይ ካሉት ባልተሻሉ ነበር። ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ የፊዚክስ ተማሪዎች ማስታወቂያዎቹን የሚቀበሉበት፣ በየተራ የሚጠብቁበትና ክፍት መረጃውን የሚተነትኑበት ቡድን ይቋቋም፤ ለዚህ ኮምፒውተር፣ የኢንተርኔት መስመርና አንድ ትጉ መምህር ይበቃሉ። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጥናቶች ከዚህ ክፍት መረጃ እንዲነሡ ይበረታታ፤ ተማሪው በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ የተፈታውን ከመድገም ይልቅ ገና ያልተፈታውን ይያዝ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ስለ ራሳችን መረጃ ነው። በየክፍሉና በየጣቢያው በድካም የተሰበሰበ የዝናብ፣ የአፈር፣ የውኃና የዕፀዋት ልኬት ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ በመሳቢያ ውስጥ ሲቀር እናያለን። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣም ደብዳቤ አምጣ፣ ነገ ተመለስ ይባላል። የሰበሰበው ሰው ያላየውን ሌላው ያይለት ይሆናል፤ ከተቆለፈበት ግን ማንም አያየውም። በ7.5 ቢሊዮን ዓመት ጉዞ የደረሰ ብርሃን በሰከንዶች ውስጥ ለዓለም ሁሉ ከታደለ፣ ባለፈው ክረምት የተለካ የዝናብ መጠን ዓመታት የሚቆለፍበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። ከሰማይ የሚመጣውን የሌሎችን መረጃ በነፃ ለመቀበል እጃችንን ስንዘረጋ፣ በእጃችን ያለውንም ለሌሎች ለመዘርጋት እንዘጋጅ። መቀበል ብቻ የሚያውቅ ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ ከሳይንስ ማኅበር የሚቆጠረው የሚሰጥም ሲሆን ነው።